ክፉ ጎረቤት፦ የባኝ ሸለቆ አቀማመጥና ታሪክ

በስዊዘርላንድ ደቡብ ምዕራብ፣ ከኢጣሊያ ጋር በሚዋሰነው በቫሌ ካንቶን ውስጥ፣ ባኝ የሚባል ፈረንሳይኛ ተናጋሪ የገጠር ኮሚውን እስከ 2021 መጀመሪያ ድረስ ይገኝ ነበር። ኮሚውን ማለት በዚያ አገር የመንግሥት አስተዳደር የመጨረሻው እርከን ሲሆን፣ የራሱ ምክር ቤት፣ የራሱ ግብር፣ የራሱ ደንና የራሱ የግጦሽ መሬት አለው። ባኝ በሕዝቡ ብዛት ከዓለም ታላላቅ ከተሞች አንዱን ሠፈር እንኳ አይሞላም። ይሁን እንጂ በዚህ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ የተፈጸሙ ሁለት ነገሮች የባኝን ስም በምህንድስናና በሥነ ምድር ታሪክ ውስጥ አኑረውታል። አንደኛው ሰው ከበረዶ ጋር ያደረገው ትግል ነው። ሁለተኛው ከዚያው ትግል አጠገብ የተወለደ፣ ምድር ቀድሞ ምን ትመስል እንደነበረ የሚያስረዳ ታላቅ ሐሳብ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገነዘባል።

የሥፍራው አቀማመጥ

የባኝ ሸለቆ የተቀረጸው ድራንስ በሚባለው ወንዝ ነው። ወንዙ ከኢጣሊያ ወሰን አጠገብ ካሉት የበረዶ ግግሮች ይነሣና ወደ ሰሜን ምዕራብ ይወርዳል፤ ሳምብራንሼ በምትባለው መንደር ሲደርስ ከሌላው ድራንስ ጋር ይገናኛል፤ ከዚያም ማርቲኚ የተባለችውን ከተማ አልፎ ከታላቁ የሮን ወንዝ ጋር ይቀላቀላል። ሮንም በበኩሉ ወደ ጄኔቫ ሐይቅ ይገባል። ይህን የውሃ መንገድ አንባቢ በልቡ ቢይዘው መልካም ነው፤ የሸለቆው ታሪክ በሙሉ የተጓዘው በዚሁ መንገድ ነውና።

ኮሚውኑ 282 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት የነበረው ሲሆን፣ ይህም ዙግ ከተባለው የስዊዘርላንድ ካንቶን ይበልጣል። ነገር ግን ከዚህ ስፋት አብዛኛው ቋጥኝ፣ በረዶና ገደል ነው። የአስተዳደሩ መቀመጫ የሆነችው ለ ሻብል ከባሕር ጠለል በላይ 820 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ በደቡብ በኩል የሚታየው የግራን ኮምባን ተራራ ደግሞ 4,314 ሜትር ይደርሳል። ከለ ሻብል ወደ ላይ ሲወጣ ሻምሴክ፣ ሉርትዬና ፊዮኔ የተባሉት መንደሮች በተራ ይገኛሉ፤ ሸለቆውም እየጠበበ ይሄድና ከፊዮኔ በላይ ግራና ቀኙ ቀጥ ያለ ገደል ከሆነበት ሥፍራ ይደርሳል። የዚህ ሥፍራ ስም ሞቯዛን ይባላል። ስሙ በፈረንሳይኛ ጆሮ ሲሰማ «ክፉ ጎረቤት» የሚል ትርጉም ይሰጣል።

ጎረቤቱ ማን እንደሆነ ለማወቅ ቀና ብሎ ማየት ብቻ ይበቃ ነበር። ከገደሉ በላይ በምሥራቅ በኩል ዢዬትሮ የሚባለው የበረዶ ግግር ተንጠልጥሎ ይገኛል። የበረዶ ግግር እንደ ድንጋይ ረግቶ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። ከላይ በሚወርድበት አዲስ በረዶ ክብደት እየተጫነ፣ ለዓይን በማይታይ ፍጥነት፣ እንደ ወፍራም ማር ቁልቁል ይፈስሳል። አየሩ በቀዘቀዘ ዘመን ይረዝማል፤ በሞቀ ዘመን ያጥራል። ዢዬትሮ በረዘመ ጊዜ ጫፉ ከገደሉ አፋፍ ያልፍና እየተቆረሰ ወደ ሸለቆው ይወድቃል። የወደቀው በረዶ በበጋው ሙቀት ቀልጦ ካላለቀ ከዓመት ወደ ዓመት ይከመራል፤ ክምሩም ወንዙን ይዘጋል። አደጋውም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

የሸለቆው ኑሮ

የባኝ ሕዝብ ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረው በእርሻና በከብት ነው። እርሻው በሸለቆው ወለልና በተዳፋቱ ላይ በተበጣጠሱ ትናንሽ ማሳዎች የተያዘ ነበር፤ ዋናው ሀብት ግን ላም ነበረች። ቤተ ሰቡ በአንድ ሥፍራ ተቀምጦ አይከርምም ነበር። በፀደይ ከብቱን እየነዳ ከመንደሩ ከፍ ወዳለው መስክ ይወጣል፤ በበጋ ላሞቹ ወደ ከፍተኛው የጋራ ግጦሽ ይሄዳሉ፤ በመጸው ደረጃ በደረጃ ይመለሳሉ፤ በክረምት በረዶ መንደሩን ሲሸፍነው ሰውና ከብት በየቤቱ ይከተታሉ። ስለዚህ አንድ ድኻ ገበሬ እንኳ በተለያየ ከፍታ ላይ ከአንድ በላይ ጎጆና ጋጣ ይኖረው ነበር። በዚያ ግጦሽ የሚሠራው የባኝ አይብ እስከ ዛሬ ድረስ የታወቀ ነው። የሕዝቡ የዕለት ተዕለት ቋንቋም የትምህርት ቤቱ ፈረንሳይኛ ሳይሆን፣ ፓቷ የሚባለው የአካባቢው አነጋገር ነበር።

ሸለቆው በበረዶ የተከበበ ቢሆንም በበጋ የማሳው ውሃ ይጎድላል። የቫሌ ካንቶን ተራሮች የዝናቡን ደመና ከሰሜንም ከደቡብም ስለሚያግዱበት ዝናሙ አነስተኛ ነው። ስለዚህ ገበሬዎቹ ከግግሮቹ ሥር የሚፈልቀውን ውሃ በተራራው ወገብ ላይ በተቀደደ ቦይ እየመሩ ወደ ማሳቸው ያመጡ ነበር። ቢስ የሚባሉት እነዚህ ቦዮች አንዳንድ ሥፍራ በገደል ላይ በተንጠለጠለ የእንጨት አሸንዳ ያልፋሉ። በ15ኛው ምዕተ ዓመት የተሠራው የለቭሮን ቢስ ከባኝ ከፍተኛ ቦታዎች ተነሥቶ በጎረቤት ወዳለችው የለቭሮን መንደር ውሃ ይወስድ ነበር። የቦዩን ተዳፋት መለካት፣ የውሃውን ተራ መከፋፈል፣ የፈረሰውን መጠገን የመንደርተኛው ሁሉ ግዴታ ነበር። በዚህ ረገድ የባኝ ሰው ምህንድስናን ከትምህርት ቤት አስቀድሞ ከውሃ ተምሯል ማለት ይቻላል።

በአስተዳደር በኩል ሸለቆው ከ12ኛው ምዕተ ዓመት እስከ 1798 ድረስ የሴን ሞሪስ ገዳም ርስት ነበር። ገዳሙ በሮን ሸለቆ ውስጥ በ515 ዓ.ም. በቡርጉንድ ንጉሥ በሲጊስሙንድ የተመሠረተ ጥንታዊ ገዳም ሲሆን፣ አበምኔቱ የባኝ ጌታ ሆኖ ግብር ይሰበስብና ዳኝነት ይሰጥ ነበር። የፈረንሳይ አብዮት ማዕበል በ1798 ወደዚያ ሲደርስ የገዳሙ ጌትነት አከተመ። ቫሌ ለጥቂት ዓመታት ከፈረንሳይ ጋር ተቀላቅሎ ከቆየ በኋላ፣ በ1815 የስዊዘርላንድ ኮንፌዴራሲዮን ካንቶን ሆነ። ጌታ ቢለዋወጥም ከላይ የተንጠለጠለው ጎረቤት ግን አልተለወጠም።

የ1595 ጎርፍና የተረሳው ትምህርት

በ16ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ላይ በአልፕስ ተራሮች ያሉት ግግሮች ረዝመው ነበር። በጁን ወር 1595 የዢዬትሮ በረዶ ያቆመው ውሃ ግድቡን ሰብሮ ወጣ። ጎርፉ የባኝን መንደሮች ጠራርጎ እስከ ማርቲኚ ደረሰ፤ 140 ያህል ሰው እንደሞተም ይነገራል። ከዚያ በኋላ የተረፈው ሰው ቤቱን መልሶ ሠራ፤ አዘነ፤ ጸለየ፤ እርሻውንም ቀጠለ።

ነገር ግን ከዚህ መከራ በኋላ የቀረው ወሬ እንጂ ልኬት አልነበረም። ውሃው በየመንደሩ ምን ያህል ከፍታ ደረሰ? በረዶው ወንዙን ከዘጋ ከስንት ጊዜ በኋላ ተሰበረ? ከመሰበሩ አስቀድሞ የታየው ምልክት ምንድን ነው? እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልስ መዝገብ ለልጅ ልጅ አልተላለፈም። ሁለት መቶ ዓመት ለተራራ ምንም አይደለም፤ ለሰው ግን ሰባት ወይም ስምንት ትውልድ ነው። ጎርፉ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ሲተላለፍ ከማስጠንቀቂያነት ወደ ተረትነት ተለወጠ። ቤቶችም ውሃው ባለፈበት ሜዳ ላይ እንደገና ተሠሩ።

የበረዶው ግድብ

በአፕሪል 1815 በኢንዶኔዥያ የሚገኘው የታምቦራ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ወደ ሰማይ የወጣው ብናኝና ጋዝ የፀሐይን ኃይል ቀነሰ፤ በሚቀጥለው ዓመት በ1816 በአውሮፓ በጋ ሳይመጣ ቀረ፤ ሰብል ጠፋ፤ ረኃብ ሆነ። ቀድሞውኑ ቀዝቃዛ በነበረው በዚያ ዘመን ላይ እነዚህ ዓመታት ሲጨመሩበት የአልፕስ ግግሮች ወደ ታች ገሠገሡ። ዢዬትሮም በሞቯዛን ገደል ላይ በረዶውን ማፍሰሱን አላቋረጠም።

በ1818 የፀደይ ወራት በሸለቆው ታች የሚኖሩ ሰዎች የድራንስ ውሃ ከተለመደው ይልቅ ማነሱን አዩ። በረዶ በሚቀልጥበት ወቅት ወንዝ መሙላት ሲገባው መጉደሉ ከበላይ የያዘው ነገር አለ ማለት ነው። ወደ ሞቯዛን የወጡት ሰዎችም ያዩት ይህንኑ ነበር። ከመቶ ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የበረዶ ክምር ሸለቆውን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ዘግቶታል፤ ከበስተጀርባውም ረጅም ሐይቅ ተኝቷል፤ ውሃውም በየቀኑ እየጨመረ ነው።

በረዶ መጥፎ የግድብ ዕቃ ነው። ክብደቱ ከውሃ ክብደት ዘጠኝ አሥረኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ከኋላው የተጠራቀመው ውሃ ወደ ሙሉው ከፍታ ሲቃረብ ከሥሩ ሊያነሣው ይሞክራል። በበረዶውና በቋጥኙ መካከል ውሃ ቀጭን መንገድ ካገኘም መንገዱን በማቅለጥ ያሰፋዋል። ስለዚህ ጥያቄው ግድቡ ይሰበራል ወይስ አይሰበርም የሚል አልነበረም፤ መቼና ምን ያህል ውሃ ይዞ ይሰበራል የሚል ነበር።

የካንቶኑ መንግሥት ሥራውን ለኢግናዝ ቬኔትስ ሰጠ። ቬኔትስ በ1788 በዚያው በቫሌ፣ ቪስፐርተርሚነን በምትባል የተራራ መንደር የተወለደ መሐንዲስ ሲሆን ዕድሜው ገና 30 ዓመት ነበር። የፊቱን አደጋ ለማቃለል ያሰበው ዘዴ ለመናገር ቀላል፣ ለመሥራት ግን እጅግ አስቸጋሪ ነበር። ውሃው የግድቡን ጫፍ አልፎ ከመፍሰሱ በፊት በበረዶው ውስጥ፣ በዚያን ጊዜ ከነበረው የሐይቁ ወለል ከፍ ባለ ሥፍራ ላይ፣ አግድም ዋሻ ይቆፈራል። ሐይቁ ሲሞላ ውሃው በዋሻው ይወጣል። የሚወጣው ውሃ ከበረዶው ጥቂት የሚሞቅ ስለሆነ የዋሻውን ወለል እያቀለጠ ወደ ታች ይቆርጣል፤ የዋሻው ወለል ዝቅ ባለ መጠን ሐይቁም ዝቅ ይላል። በአጭሩ፣ በረዶው በገዛ ውሃው ቀስ በቀስ እንዲከፈት ማድረግ ነበር።

ቁፋሮው በሜይ ወር 1818 ተጀመረ። ጊዜ ለማትረፍ ሲባል ሁለት ቡድን ሠራተኞች ከግድቡ ከሁለቱም ወገን እየቆፈሩ እንዲገናኙ ተደረገ። እነዚህ ሠራተኞች የቆሙት እስከ ጉልበታቸው በበረዶ ውሃ ውስጥ ነበር፤ ከራሳቸው በላይ ዢዬትሮ በየጊዜው እየተቆረሰ ይወድቅ ነበር፤ ከጎናቸውም ሐይቁ ይነሣ ነበር። 200 ሜትር ለመሙላት ጥቂት የሚቀረው ዋሻ በጁን መጀመሪያ ላይ ተፈጸመ። በሸለቆው ውስጥም ጠባቂዎች ቆመው ለሕዝቡ ምልክት የሚሰጥበት ሥርዓት ተዘረጋ።

ጁን 16 ቀን 1818

ውሃው ጁን 13 ቀን ወደ ዋሻው አፍ ደረሰና መፍሰስ ጀመረ። ሥሌቱ ትክክል ሆነ። ፈሳሹ የዋሻውን ወለል እየቆረጠ፣ ሐይቁ በሦስት ቀን ውስጥ 10 ሜትር ያህል ዝቅ አለ። በዚያ ዘመን በተደረገው ግምት መሠረት ሐይቁ በሞላ ጊዜ 27 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውሃ ይዞ ነበር፤ ከዚህ ውስጥ አንድ ሦስተኛው ያህል ያለ አደጋ ወጣ።

ይሁን እንጂ ከዋሻው የሚወረወረው ውሃ ከግድቡ በታች በኩል ያለውን የበረዶ እግር መብላቱን ቀጠለ፤ በበረዶውና በተራራው መካከልም መንገድ አገኘ። ጁን 16 ቀን ከቀትር በኋላ አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በአውሮፓ የሰዓት አቆጣጠር ማለት ነው፣ ግድቡ ባንድ ጊዜ ተሰበረ። የቀረው 18 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ በግማሽ ሰዓት ገደማ ውስጥ ወጣ። ይህ በሥሌት ሲታይ በአማካይ በሰከንድ 10 ሺህ ሜትር ኩብ ይሆናል። ጎርፉ በረዶ፣ ቋጥኝ፣ የዛፍ ግንድና የቤት ጣራ ተሸክሞ፣ ወደ ማርቲኚ የሚወስደውን 30 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በአንድ ሰዓት ተኩል ጨረሰ። ማታም በጄኔቫ ሐይቅ ደረሰ።

40 ያህል ሰው ሞተ፤ ከሞቱት የሚበዙት ከሸለቆው በታች ባለችው በማርቲኚ የነበሩ ናቸው። ወደ 400 የሚጠጉ ቤቶችና ጋጣዎች ወደሙ፤ ድልድዮች ሁሉ ተወሰዱ፤ ማሳው በድንጋይ ተሸፈነ። የሊንት ወንዝን በማስተካከል ሥራው የታወቀው የዙሪክ ሰው ሃንስ ኮንራድ ኤሸር ወደ ሥፍራው ሄዶ መርምሮ፣ በዚያው ዓመት ሪፖርት ጻፈ። የጎርፉ ልክ እስከ ዛሬ ሊነገር የቻለው እንዲህ ያለ መዝገብ በመኖሩ ነው። በ1595 የጠፋው ልኬት በ1818 ተጻፈ።

የቬኔትስን ሥራ እንዴት እንመዝነው? ግድቡ ከመሰበር አልዳነም፤ ሰውም ሞቷል። ስለዚህ ሥራው ከሸፈ የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ነገር ግን ዋሻው ባይቆፈር ኖሮ ሐይቁ ከዚያም በላይ ሞልቶ፣ ከዚህ የሚበልጥ ውሃ ባንድ ጊዜ ይወርድ ነበር። በመሐንዲስ ሚዛን ሲታይ የቬኔትስ ሥራ ያተረፈው አንድ ሦስተኛውን ውሃና የማስጠንቀቂያውን ጊዜ ነው። በባኝ መንደሮች የነበረው ሰው አብዛኛው ወደ ከፍታው ሸሽቶ ነፍሱን ያዳነው በዚህ ጊዜ ነው። በምህንድስና ሙያ ውስጥ ያልደረሰ አደጋ አይቆጠርም፤ የደረሰው ብቻ ይቆጠራል። ይህ የሙያው የቆየ ዕዳ ነው።

ቬኔትስም ከዚያ በኋላ ሥፍራውን አልተወም። በረዶው ዳግም ሸለቆውን እንዳይዘጋ በ1820ዎቹ ዓመታት ሌላ ዘዴ ፈጠረ። በፀሐይ የሞቀ የምንጭ ውሃ በእንጨት አሸንዳ እየመራ በበረዶው ክምር ላይ አፈሰሰ፤ ውሃው እንደ መጋዝ ሆኖ በረዶውን ቆረጠው፤ የተቆረጠው ጉማጅ ወደ ወንዙ እየወደቀ ተወሰደ። ውሃን በተራራ ወገብ በአሸንዳ መምራት የአካባቢው ገበሬ ጥንታዊ ጥበብ እንደሆነ ከላይ ተመልክተናል። መሐንዲሱ ያደረገው ያንኑ ጥበብ ወደ በረዶው ማዞር ነበር።

የሉርትዬ አዳኝ

ከሞቯዛን በታች ባለችው በሉርትዬ መንደር ዣን ፒየር ፔሮዳን የሚባል ሰው ይኖር ነበር። ፔሮዳን በ1767 የተወለደ አናጢና የዱር ፍየል አዳኝ ሲሆን፣ ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ ተራራውን ግን ያውቅ ነበር። በአደን ሲዘዋወር ዓይኑን የሳቡት ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንደኛው፣ ከዛሬው ግግር እጅግ ርቀው በሚገኙ ሥፍራዎች ላይ ከአካባቢው ቋጥኝ ጋር የማይመሳሰሉ ታላላቅ ድንጋዮች ተቀምጠዋል። ሁለተኛው፣ በጠንካራው ቋጥኝ ላይ ሸለቆውን ተከትለው የሚሄዱ ጭረቶች አሉ፤ እነዚህም አሁን ባለው ግግር ሥር ከሚታዩት ጭረቶች ጋር አንድ ዓይነት ናቸው። ከዚህም በመነሣት ግግሮቹ በጥንት ዘመን ሸለቆውን በሙሉ ሞልተው እስከ ማርቲኚ ይደርሱ ነበር የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሰ።

በዚያን ጊዜ ሊቃውንት እነዚህን ድንጋዮች ያመጣቸው ታላቅ የውሃ ጎርፍ ነው ብለው ያምኑ ነበር። በ1815 በሮን ሸለቆ የጨው ማዕድን ዳይሬክተር የነበረው ዣን ደ ሻርፓንትዬ ግግሮቹን ለመጎብኘት ወጥቶ በፔሮዳን ቤት አደረ። አዳኙ ሐሳቡን ነገረው፤ እንግዳው ግን ሐሳቡ ከመጠን ያለፈ ስለመሰለው አልተቀበለውም። ሻርፓንትዬ ይህን በኋላ ራሱ በመጽሐፉ አልሸሸገም።

ቬኔትስ ግን ሰማ። በ1818 በበረዶው ሥራ ምክንያት በሸለቆው ውስጥ ሲመላለስ ከፔሮዳን ጋር ተነጋገረ፤ ከዚያም በኋላ በየሸለቆው እየዞረ ግግሮች ቀድሞ የገፉትን የድንጋይ ክምር መመርመር ያዘ። በ1821 በዚህ ጉዳይ ጽሑፍ አዘጋጀ፤ ጽሑፉ የታተመው በ1833 ነው። በ1829 በታላቁ ሴን በርናር በተደረገው የስዊዘርላንድ የተፈጥሮ ሳይንስ ማኅበር ስብሰባ ላይ፣ የአልፕስ ግግሮች በጥንት ጊዜ እስከ ዡራ ተራሮች ድረስ ደርሰው ነበር ብሎ ተናገረ። ሻርፓንትዬ ሊቃወመው ብሎ ቢመረምር ራሱ አመነ፤ በ1834 ደግፎ ጻፈ። በ1836 የበጋ ወራት ሉዊ አጋሲ ከሻርፓንትዬ ዘንድ ተቀምጦ ምልክቶቹን አየ፤ በ1837 በኔሻቴል የበረዶ ዘመንን ሐሳብ በንግግር አሰማ፤ በ1840 በመጽሐፍ አወጣው። ዓለም የበረዶ ዘመንን ሐሳብ ከአጋሲ ስም ጋር አያይዞ ያስታውሳል። የሐረጉ ሥር ግን በሉርትዬ በአንድ አናጢ ቤት ውስጥ ነው። ፔሮዳን በ1858፣ ቬኔትስም በ1859 ሞቱ።

እዚህ ላይ ሊታለፍ የማይገባው ነገር አለ። ለሁለቱም ሰዎች፣ ለተማረውም ላልተማረውም፣ የቀረበው ማስረጃ አንድ ነበር። ልዩነቱ ፔሮዳን ያየውን መለኪያና መድረክ አለማግኘቱ፣ ቬኔትስም መለኪያና መድረክ ይዞ ለመስማት ፈቃደኛ መሆኑ ነው። ዕውቀቱ ከሸለቆ ወደ አካዳሚ የተሻገረው በዚህ ድልድይ ነው።

የኮንክሪቱ ግድብ

ቬኔትስ ውሃውን ለማስወጣት በታገለበት ሥፍራ አጠገብ፣ ከ130 ዓመት በኋላ መሐንዲሶች ውሃውን ለማቆም መጡ። የሞቯዛን ግድብ ከ1951 እስከ 1957 ድረስ ተሠራ። ንድፉን ያወጣው የሎዛን መሐንዲስ አልፍሬድ ስቱኪ ነው። ግድቡ ባለ ቅስት የኮንክሪት ግድብ ሲሆን መጀመሪያ ቁመቱ 237 ሜትር ነበር፤ በ1991 በተፈጸመው ተጨማሪ ሥራ 13.5 ሜትር ከፍ ተደርጎ 250 ሜትር ደርሷል። የጫፉ ርዝመት 520 ሜትር ነው።

የቅስት ግድብ ጥበብ ከበረዶው ግድብ ጋር ሲነጻጸር በይበልጥ ይገለጻል። የበረዶው ክምር ውሃውን የተቋቋመው በክብደቱ ብቻ ነበር፤ ያም ክብደት አልበቃውም። ቅስቱ ግን ወደ ውሃው ወገን ጎብጦ ስለተሠራ የውሃው ግፊት ኮንክሪቱን ይጫነዋል፤ ኮንክሪቱም ጭነቱን ወደ ግራና ቀኝ ተራሮች ያስተላልፋል። ገደሉ መጥበቡ ለበረዶው መከመሪያ እንደሆነው ሁሉ፣ ለቅስቱም መደገፊያ ሆነ። በግድቡ ኋላ የሚጠራቀመው ውሃ 211 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ነው፤ ይህም በ1818 ከነበረው ሐይቅ ስምንት እጥፍ ያህል ይሆናል። ውሃው በፊዮኔ ያለውን የኤሌክትሪክ ማመንጫ አንቀሳቅሶ፣ በተራራ ውስጥ በተፈለፈለ ዋሻ ያልፍና በሮን ሸለቆ ሪድ በምትባል ሥፍራ ያለውን ሁለተኛ ማመንጫ ያንቀሳቅሳል።

ይህ ሥራ የሸለቆውን ኑሮ ለወጠው። በቫሌ ሕግ መሠረት የሮን ውሃ የካንቶኑ ሲሆን፣ የጎን ወንዞች ውሃ የኮሚውኖቹ ነው። ስለዚህ ኩባንያው የድራንስን ውሃ ለሚጠቀምበት ለባኝና ለሌሎቹ ባለመብት ኮሚውኖች ይከፍላል፤ የውሉ ዘመን ሲያበቃም ኮሚውኖቹ በሥራው ላይ ድርሻቸውን የማስመለስ መብት አላቸው። ትናንት ቤቱን የሚያፈርስበት የነበረው ውሃ ዛሬ መንገዱንና ትምህርት ቤቱን የሚሠራበት ገቢ ሆነ። ከዚሁ ጋር በ1,500 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኘው፣ ቀድሞ የከብት መሰማሪያ የነበረችው ቬርብዬ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዓለም የሚያውቃት የበረዶ ሸርተቴ ከተማ ሆነች። ባኝም በጃንዋሪ 1 ቀን 2021 ከጎረቤቱ ከቮሌዥ ጋር ተዋሕዶ «ቫል ደ ባኝ» የሚባል አንድ ኮሚውን ሆነ።

ዛሬም የሚጠበቀው ጎረቤት

ግድቡ ተሠርቶ ሲያልቅ ዢዬትሮ አልጠፋም። እንዲያውም አዲስ ጥያቄ ተነሣ። የግግሩ ጫፍ ተቆርሶ ወደ ሰው ሠራሹ ሐይቅ ቢወድቅ የሚነሣው ማዕበል ግድቡን ሊሻገር አይችልምን? በኦገስት 30 ቀን 1965 በዚያው በቫሌ፣ በማትማርክ ግድብ ሥራ ላይ የነበሩ 88 ሰዎች ከአላሊን ግግር በወረደ የበረዶ ናዳ ሞቱ። ጥያቄው የቢሮ ጥያቄ አለመሆኑን ይህ መከራ ለሁሉ አስታወሰ። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ዢዬትሮ በፎቶግራፍና በልኬት ሲጠበቅ ኖሯል፤ ምን ያህል እንደሚራመድ፣ የት እንደተሰነጠቀ ይመዘገባል።

አሁን አየሩ በመሞቁ ግግሮቹ እየሸሹ ነው። የዢዬትሮም ጫፍ ከገደሉ አፋፍ ወደ ላይ ተመልሷል። በአጠገቡ ያለው የኮርባስዬር ግግር ከመቀነሱ የተነሣ ተራራ ወጪዎች በላዩ የሚሻገሩበት መንገድ አደገኛ ስለሆነ፣ በ2014 190 ሜትር ርዝመት ያለው ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። የፔሮዳን አያቶች በበረዶ ላይ የተራመዱበት ሥፍራ ዛሬ በአየር ላይ የሚታለፍ ሆኗል።

ግግር ሲሸሽ ግን አደጋ አብሮ ይሸሻል ማለት አይደለም። ሲሸሽ የተላቀቀ ድንጋይ፣ ያልረጋ ተዳፋትና አዲስ ሐይቅ ትቶ ይሄዳል። በሜይ 28 ቀን 2025፣ በዚያው በቫሌ ካንቶን በሎችንታል ሸለቆ፣ ከተራራ የተናደ ቋጥኝ የተጫነው የቢርሽ ግግር ወርዶ የብላተንን መንደር ቀበረ። ይሁን እንጂ 300 ያህል የሚሆኑት የመንደሩ ነዋሪዎች ከዘጠኝ ቀን በፊት እንዲለቁ ተደርገው ነበር። የሞተው አንድ ሰው ነው። መንደሩን ማዳን አልተቻለም፤ መንደርተኛውን ማዳን ግን ተቻለ። ይህ ቬኔትስ ከ200 ዓመት በፊት በሞቯዛን የጀመረው ሥራ ውጤት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ተራራውን መመልከት፣ የታየውን መለካት፣ የተለካውን መመዝገብ፣ ጊዜው ሲደርስም ለሕዝቡ መንገር።

የባኝ ታሪክ በአንድ ሸለቆ የተወሰነ ትንሽ ታሪክ ነው። ቢሆንም በውስጡ ለሙያው ሰው ሁሉ የሚበቃ ትምህርት አለ። በ1595 የሞቱት ሰዎች ያስተማሩት ነገር ባለመለካቱ ተረሳ። በ1818 የሞቱት ግን በልኬት ስለተመዘገቡ፣ ትምህርታቸው ለብዙ አገር ተረፈ። በሉርትዬ ያለ አንድ አዳኝ ያየውን አንድ ወጣት መሐንዲስ ባይሰማው ኖሮ፣ በቋጥኙ ላይ ያለው ጽሕፈት ሌላ አንባቢ እስኪያገኝ ድረስ ብዙ ዘመን በጠበቀ ነበር። ክፉ ጎረቤት ያለው ሰው ቤቱን ነቅሎ መሄድ ካልቻለ የጎረቤቱን ጠባይ ማወቅ ይገባዋል። የባኝ ሕዝብ ይህን ዕውቀት የገዛው በውድ ዋጋ ነው፤ ጠብቆ ማቆየት ደግሞ የየትውልዱ ተራ ነው።